ጌም ተጫውታ ለማታውቅ ታላቅ እህቴ የትኛውን ላስቀድምላት?

የአወቱ ማዶ፦

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጅማ፣ ቦሳ አዲስ አካባቢ ነው፤ ምክር የምጠይቀውም ስለ ራሴ ሳይሆን ስለ ታላቅ እህቴ ነው። እትዬ 46 ዓመቷ ነው። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ታስተምራለች፤ አባታችን ካረፈ ወዲህም ማና ወረዳ ያለችንን ትንሽ የቡና ማሳ የምትከታተለው እሷ ናት። ክረምት ገብቶ ትምህርት ሲዘጋና የከሰዓት በኋላው ዝናብ ቤት ሲያስቀምጠን፣ እኔና የ14 ዓመት ልጇ ፕሌይስቴሽኑ ፊት ተጥደን እንውላለን፤ እሷም ቡናዋን እያፈላች በእኛ ጩኸት ስትስቅ ኖራለች። ባለፈው ሳምንት ግን ሲኒዋን አስቀምጣ «እስቲ እኔንም አስተምሩኝ» አለችን።

ደስ ብሎን ቸኮልን። ወዲያው ጆይስቲክ አስጨብጠን ከልጇ ጋር እግር ኳስ አጋጠምናት። ልጁ «እማዬ፣ አር 2ን ተጫኚ!» ሲላት ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ነቅላ ያንን ቁልፍ ጆይስቲኩ ላይ ትፈልጋለች፤ አግኝታው ቀና ስትል ኳሱ መረብ ውስጥ ነው። ስድስት ለባዶ ከሆነ በኋላ ጆይስቲኩን ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀምጣ «ይሄ እንደ እናንተ ዓይነት ጣት ላለው ነው» ብላ ወደ ጓዳ ገባች። በማግስቱ ደግሞ እኔ የምወደውን፣ ሰፊ ምድር ያለውንና በፈረስ የሚዞርበትን ትልቅ ጌም ከፈትኩላት። ሩብ ሰዓት ያህል አንዴ ሰማይ አንዴ መሬት እያየች ከግድግዳ ጋር ስትጋፋ ቆይታ «ራሴን አዞረኝ» አለች። ሦስተኛ ስሕተት እንዳልሠራ ነው ወደ እናንተ የመጣሁት።

ያለን ዕቃ አንድ ፕሌይስቴሽን 4 ከሁለት ጆይስቲክ ጋር፣ የተለየ ግራፊክስ ካርድ የሌለው አሮጌ ላፕቶፕና የእሷ አንድሮይድ ስልክ ነው። ከጆይስቲኮቹ የአንዱ ግራ አናሎግ (በአውራ ጣት የሚገፋው ትንሽ ዘንግ) ሳይነኩት በራሱ ወደ ጎን ይሄዳል፤ የላፕቶፑም ባትሪ መብራት ከሄደ አምስት ደቂቃ አይቆይም። ኢንተርኔታችን የሞባይል ዳታ ብቻ ስለሆነ በብዙ ጊጋባይት የሚቆጠር ነገር ማውረድ አንችልም። እንግሊዝኛ ማንበብ አይቸግራትም፤ ደም የሚፈስበትን ነገር ግን አትወድም። በዕድሜዋ የወደደችው ብቸኛ ጌም ኖኪያ ስልክ ላይ የነበረችውን እባብ ነው፤ ስልኩ ሲበላሽ ከስልኩ ይልቅ ያስመዘገበችው ነጥብ እንደቆጫት እስከ ዛሬ ታወራለች። በገበጣም ቢሆን ልጆች ሳለን እሷን የሚያሸንፍ ከሠፈራችን አልነበረም።

እንግዲህ በየትኛው ልጀምርላት፣ ከዚያስ ወደየትኛው ልለፍ? ጓደኞቼ «ምርጥ የተባለውን ስጣት፣ ከወደደችው ትለምደዋለች» ይሉኛል፤ እኔ ግን ምርጥ የምንለው ለለመድነው ለእኛ ብቻ ምርጥ የሆነውን እንዳይሆን ጠርጥሬአለሁ።


ኮቺ ጥገና፦

ከሁሉ አስቀድመው ያ በራሱ የሚሄደው ጆይስቲክ እህትዎ እጅ እንዳይገባ ያድርጉ። ሥራዬ ኮቺ አካባቢ ስልክና ጆይስቲክ መጠገን ነው፤ የለመደ ሰው አናሎጉ መበላሸቱን ወዲያው ሲያውቅ፣ አዲስ ሰው ግን በራሱ ጣት ያመካኛል። ደህናው ሲኒ ለእንግዳ እንደሚቀርብ ሁሉ ደህናው ጆይስቲክም ለእሳቸው ይሁን፤ የተበላሸውን እርስዎ ይያዙት ወይም አናሎጉን ያስለውጡት።

ወደ ጥያቄዎ ስገባ፣ እህትዎን ያስቸገራቸው የጌሙ ክብደት አይመስለኝም። የፕሌይስቴሽን 4 ጆይስቲክ ከሁለቱ አናሎጎች ሌላ ከ15 በላይ የሚጫኑ ቁልፎች አሉት፤ እኛ የትኛው የት እንዳለ ሳናይ የምናገኘው በዓመታት ልምምድ ነው። ከቁልፎቹም የሚብሰው የአናሎጎቹ የሥራ ክፍፍል ነው። በዘመኑ ትልልቅ ጌሞች ግራ እጅ ሰውየውን ያስኬዳል፣ ቀኝ እጅ ደግሞ ዓይኑን፣ ማለትም የጌሙን ካሜራ፣ ያዞራል፤ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ካልተቀናጁ ሰማይና መሬት እያዩ ከግድግዳ ጋር መጋፋት ይመጣል። መኪና መንዳት ተምረው ከሆነ፣ ወደ ጅሬን በሚያወጣው ዳገት ላይ ፍሪሲዮንና ነዳጅ አመጣጥኖ ለመነሣት መጀመሪያ ቀን እንዴት እንዳላበዎ ያስታውሱ። ያን ሰዓት አስተማሪዎ ስለ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ቢያወራልዎት አንዱንም አይሰሙትም ነበር፤ እህትዎም የዚያን ትልቅ ጌም ታሪክም ሆነ መልክዐ ምድር ሳያዩ የቀሩት ለዚህ ነው። ራስ ማዞሩም ከዚያው ይመጣል፤ ዓይን እንቅስቃሴ እያየ ሰውነት ቁጭ ብሎ ሲቀር ሁለቱ አይስማሙም፣ ካሜራውን ባልለመደ እጅ ወዲያ ወዲህ ሲወረውሩት ደግሞ ይብሳል።

ስለዚህ እኔ ለአዲስ ሰው ጌም የምመርጠው ከእጁ በሚጠይቀው ሥራ ልክ ነው። እባቧ ጥሩ ማስረጃ ናት፤ ኖኪያ እ.ኤ.አ. በ1997 በ6110 ስልኩ ያወጣት ያቺ ጌም ከአራት አቅጣጫ በቀር የምትጠይቀው ነገር ስለሌለ እህትዎ በአንድ አውራ ጣት ተካኑባት። ከላይ የሚወርዱ ቅርጾች የሚደረደሩበት ቴትሪስም ከዚያው ወገን ነው። አሌክሲ ፓጂትኖቭ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ሞስኮ ውስጥ የሠራበት ኮምፒውተር ሥዕል ማሳየት ስለማይችል ቅርጾቹን በጽሑፍ ምልክቶች ነበር ያቆማቸው፤ ሰባት ቅርጾች፣ እያንዳንዳቸው ከአራት ካሬ የተሠሩ፣ ያ ብቻ። ለሒሳብ መምህርት ግን ከቴትሪስም 2048 ይቅደም እላለሁ። ጣሊያናዊው ጋብሪየሌ ቺሩሊ እ.ኤ.አ. በ2014 በነፃ የለቀቀው ይህ ጌም 16 ቤት ባለው ሰሌዳ ላይ ተመሳሳይ ቁጥሮችን እያጋጠመ በእጥፍ የሚያሳድግ ነው፤ 2 እና 2 ሲገናኙ 4፣ 4 እና 4 ሲገናኙ 8 እየሆኑ ወደ 2048 ይወጣሉ። ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ የሚያጣድፍ ሰዓትም የለውም። ቴትሪስ እየፈጠነ ሲሄድ 2048 ግን ተጫዋቹ አስቦ እስኪጨርስ ይጠብቃል፤ በዚህ ጠባዩ ለገበጣ ይቀርባል።

ወደ ጆይስቲኩ ሲመለሱ ከጎን የሚታይና ግራ ቀኝ ብቻ የሚኬድበት ጌም ይፈልጉ። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው ሱፐር ማሪዮ ብሮስ የመጀመሪያ ምዕራፉ አንድ የማስተማሪያ ቃል ሳይጻፍበት እንዴት እንደሚያስተምር ይመልከቱ። ገና ጥቂት እርምጃ ሳይራመዱ አንድ ጠላት ፊት ለፊት ይመጣል፤ ካልዘለሉ ይሞታሉ፣ ነገር ግን የተጓዙት ትንሽ ስለሆነ ያጡት የለም። ሳጥኑን በራስ ሲመቱ የሚወጣው እንጉዳይ ወደ ቀኝ ሄዶ ከቱቦው ጋር ይጋጭና ወደ ተጫዋቹ ይመለሳል፤ ስለዚህ የፈራው ሰው እንኳን ሳይፈልግ ይነካዋል፣ ሲነካውም ያድጋል፣ እንጉዳይ ደግ መሆኑን በዚያው ያውቃል። ማሪዮ በፕሌይስቴሽን እንደማይገኝ አውቃለሁ፤ ያነሣሁት ሌላውን ጌም በዚህ ዓይን እንዲመዝኑት ነው። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ያለ ማብራሪያ ያስተምራሉ ወይ? አንድ ስሕተትስ ስንት ደቂቃ ወደኋላ ይመልሳል?

ሁለቱን አናሎግ ለማለማመድ ጊዜው ሲደርስ ጀርኒ አለላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ፣ በኋላም ለፕሌይስቴሽን 4 የተዘጋጀ፣ በሁለት ሰዓት ገደማ የሚያልቅና አንድም ንግግር የሌለበት የበረሃ ጉዞ ነው፤ ከመሄድና ከመመልከት ሌላ የሚጫኑት ሁለት ቁልፍ ብቻ ነው። ግድግዳ ላይ በር እየከፈቱ በአንዱ ገብተው በሌላው የሚወጡበት የእንቆቅልሽ ጌም፣ ፖርታል፣ ደግሞ ከዚያ በኋላ ይምጣ። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ጌም ስለሆነ አሮጌው ላፕቶፕ ሳይችለው አይቀርም፤ በር የሚከፍተውን መሣሪያ ከመጀመሪያው አያስይዝም፣ ሲያስይዝም በአንድ በር ጀምሮ ሁለተኛውን ቆይቶ ይሰጣል። አንድ ጥሩ የሒሳብ መምህር ከዚህ የተለየ አያደርግም።


የአጋሮ ገበሬ፦

ከኮቺው ወንድማችን በእጅ ጉዳይ አልከራከርም፤ ሆኖም ሰው እጁ ስለቀለለው ብቻ በማግስቱ አይመለስም። እህትዎ የቡና ማሳ ይከታተላሉ ካሉን ዘንድ ስታርዲው ቫሊን እንዴት ሳታነሡት ቀራችሁ? ኤሪክ ባሮን የተባለ አሜሪካዊ ሥዕሉንም፣ ሙዚቃውንም፣ ጽሑፉንም ብቻውን ይዞ ከአራት ዓመት በላይ ደክሞበት እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው የእርሻ ጌም ነው። የሚይዘው ቦታ 500 ሜጋባይት ያህል ስለሆነ ዳታ አይጨርስም፣ ለአሮጌ ላፕቶፕም አይከብድም። ከላይ ወደ ታች የሚታይ ስለሆነ የሚዞር ካሜራ የለውም።

ቡናም አለበት፤ ቡናው ግን የእኛን አገር ሰው ሳያስቅ አያልፍም። አንዲት የቡና ፍሬ ተዘርታ በ10 ቀን ታፈራለች፣ ከዚያም በየሁለት ቀኑ ትለቀማለች፣ ሦስተኛው ወቅት መጸው ሲገባ ደግሞ እንደ በቆሎ አገዳ ደርቃ ትሞታለች። እኛ ዘንድ ችግኙ ከተተከለ የመጀመሪያውን ፍሬ ለማየት ሦስት አራት ዓመት ይጠበቃል፣ ለቀማውም በዓመት አንዴ ነው፣ በጥላ ዛፍ ሥር በደንብ ከያዙት ግን እግሩ ለልጅ ይተርፋል። ይህን ስሕተት እንደ ጉድለት አልቆጥረውም። አዲስ ተጫዋች በማያውቀው ነገር ተከቦ ሲጨነቅ፣ እሱ የሚያውቅበትና ጌሙ የሚሳሳትበት አንድ ቦታ ካገኘ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ይቀመጣል። የእኔ እናት ይህን አይታ ለአንድ ሰዓት ጌሙን ስትገሥጽ ነበር፤ ስትገሥጽ ማውዙን ከእጇ አላወረደችም።

ሆኖም ሳያስጠነቅቁ መስጠት አይገባም። የጌሙ ቀን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት የሚዘልቅ ሲሆን በእኛ ሰዓት 14 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው፤ አዲስ ሰው ያቺ ሰዓት ስትሮጥ እያየ ይጨነቃል። ዕቃ የሚታይበት ገጽ ሲከፈት ሰዓቱ እንደሚቆም አስቀድመው ይንገሯቸው፤ አንድ ቀን ያለ ሥራ ቢያልፍም የሚቀጣ እንደሌለ ጨምረው ይንገሯቸው። ዓሣ ማጥመዱን በመጀመሪያው ሳምንት አያስነኩ፤ የለመድነውም እንማረርበታለን። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጌሙ በላፕቶፕ ላይ የሚመዘገበው ገጸ ባሕሪው ወደ አልጋው ሄዶ ሲተኛ ብቻ ነው፤ በቀኑ መካከል መብራት ከሄደ ያ ቀን እንዳልነበረ ይሆናል። ባትሪው አምስት ደቂቃ ለሚቆይ ላፕቶፕ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ጽሑፉም በአማርኛ ሆነ በአፋን ኦሮሞ አልተዘጋጀም፤ እንግሊዝኛ የማይቸግራቸው መሆኑ በጀ።


የመርካቶ ልጅ፦

ሁለት ጆይስቲክ ካላችሁ ኢት ቴክስ ቱን ለምን አትሞክሩም? ያለ ሁለት ሰው የማይሠራ ጌም ነው፤ አንዱ ሌላውን ጥሎት መሄድ አይችልም።


ኮቺ ጥገና፦

ለሦስተኛው ወር ጥሩ ነው፤ አሁን ግን ካሜራውን ራስ የሚያዞሩበት፣ እየዘለሉ ቶሎ ቶሎ የሚወሰንበት ስለሆነ ወደዚያው ግድግዳ ይመልሳቸዋል። ሁለት ሰው የሚያስፈልገው ሁሉ ለአዲስ ሰው የሚሆን አይደለም። ኦቨርኩክድንም አብሬ አስጠነቅቃለሁ፤ አብሮ ወጥ መሥራት ይመስልና ሰዓቱ ሲጠብ ባልና ሚስት ያጣላል።


ፈረንጅ አራዳ፦

ምክሩን ሁሉ ሳነብ አንድ ነገር ቅር አለኝ። እህትዎ «አስተምሩኝ» ያሉት ጌም አምሯቸው ይመስላችኋል? ሲኒያቸውን አስቀምጠው የመጡት ወንድማቸውና ልጃቸው ወደሚስቁበት ቦታ ነው። አሁን 2048ን በስልካቸው ጭናችሁ፣ ስታርዲው ቫሊን በላፕቶፕ ከፍታችሁ ሌላ ጥግ ብታስቀምጧቸው፣ እናንተ ቴሌቪዥኑ ፊት እንደ ድሮው ስትጮኹ እሳቸውም እንደ ድሮው ለብቻቸው ናቸው፤ ልዩነቱ በሲኒው ፋንታ ስልክ መያዛቸው ብቻ ነው። እግር ኳሱንም ያለ ጥፋቱ ጣላችሁት። የተሳሳታችሁት እናትን ከልጅ ጋር በማጋጠማችሁ ነው።

ዛሬ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ በሚባለውና እስከ ፊፋ 23 ድረስ ፊፋ ይባል በነበረው ጌም ሁለት ሰው በአንድ ቡድን ሆኖ ኮምፒውተሩን መግጠም ይችላል። የኮምፒውተሩን አቅም ዝቅተኛው ደረጃ ላይ አድርጉትና እሳቸው በመጀመሪያ ማቀበልና መምታት ብቻ ይማሩ፤ ሩጫውንና ማታለሉን ልጁ ይሥራላቸው። ካሜራው ኳሷን ራሱ ስለሚከተል የኮቺው ወንድማችን በትክክል የገለጸው የሁለት አናሎግ ጭንቀት እዚህ የለም፤ የቀኙን አናሎግ ጨርሶ ሳይነኩ ዘጠና ደቂቃውን መጨረስ ይቻላል። የጨዋታውን ሕግ ደግሞ ማንም እንዲያስረዳቸው አያስፈልጋቸውም። ጌም የማያውቅ ሰው ሁልጊዜ የሚጠይቀው «አሁን ምን ማድረግ አለብኝ?» የሚለው ጥያቄ በእግር ኳስ መልሱ ከልጅነት የታወቀ ነው።

እግር ኳሱ ከናካቴው ካልጣማቸው ያገለገለ የሌጎ ዲስክ ይፈልጉ፤ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣውን ሌጎ ማርቬል ሱፐር ሂሮስ። በሌጎ ጌሞች ሁለተኛው ሰው በመሃል ገብቶ በመሃል መውጣት ይችላል፤ ወጡ ሊያማስሉ ቢነሡ ጨዋታው አይቆምም። ቢሞቱ የሰበሰቡት ሳንቲም መሳይ ነገር ጥቂት ይፈስሳል እንጂ እዚያው ይነሣሉ። የሚሰበረውም ፕላስቲክ ነው፤ ደም የለም። ልጁ ወደፊት ቢሮጥ እናቱ ኋላ ቀርታ ያገኘችውን ሁሉ ስትሰባብር ብትቆይ ማንም አይበደልም።


ዘግይቼ የጀመርኩ፦

እስካሁን የጻፋችሁት ሁላችሁም ከአስተማሪው ወገን ናችሁ፤ እኔ በ38 ዓመቴ ከባለቤቴ የተማርኩ ስለሆንኩ ከተማሪው ወገን ልናገር። ከቁልፎቹ ይበልጥ ያስቸገረኝ እናንተ ሳትማሩት የምታውቁት የሚመስላችሁ ነገር ነበር። ቀይ በርሜል ሲመቱት እንደሚፈነዳ፣ የሚያብለጨልጭ ነገር የሚነሣ መሆኑን፣ ጥግ ላይ ያለው አጥር መሳይ መስመር የቀረችኝ ዕድሜ መሆኑን ማንም አልነገረኝም፤ ባለቤቴ ይህን መንገር እንደሚያስፈልግ አያውቅም ነበርና። መጀመሪያ ቀን ገጸ ባሕሪዬ ሲሞት ሁሉ ነገር ጠፋ ብዬ ደንግጬ ጆይስቲኩን መለስኩለት። «አይ፣ ከዚህችው ትቀጥያለሽ» ቢለኝ ኖሮ ያንን ምሽት አላቆምም ነበር።

ከዚህም የባሰው «ስጪኝ፣ ይህቺን ብቻ ላሳልፍሽ» የሚለው ነው። በደግነት የሚደረግ ነው፤ እኔ ግን በተነጠቅሁ ቁጥር ያቺ ቦታ እኔ የማላልፋት መሆኗን እማር ነበር። አንዲት የገመድ ድልድይ ከተነጠቅሁ በኋላ መልሼ ከፍቼ አርባ ደቂቃ ታገልኩና ብቻዬን ተሻገርኳት፤ ከዚያ ወዲህ ነው ተጫዋች የሆንኩት። ስለዚህ እርስዎና ልጁ ካልተጠየቃችሁ በቀር እጃችሁን ሰብስባችሁ ተቀመጡ። ሲጠየቁም «አር 2» ከማለት ይልቅ «በቀኝ ሌባ ጣትሽ ሥር ከኋላ ያለው፣ የታችኛው» ይበሉ። ክቡ፣ ካሬው፣ ሦስት ማዕዘኑና መስቀሉ ግን ለሒሳብ መምህርት አያስቸግሩም።

የጌሙን ክብደት ዝቅ ማድረግ ካስፈለገ እሳቸው ከመቀመጣቸው በፊት ይጨርሱት። ፊታቸው ላይ «ለእማዬ ቀላሉን አድርጉላት» ማለት ውርደት ነው። ሴሌስት የተባለው እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጌም በዚህ በኩል ጨዋ ነው፤ በጣም ከባድ ጌም ሆኖ ሳለ ፍጥነቱን መቀነስና ያለመሞትን እንደ ማንኛውም ቅንብር አስቀምጦታል፣ የመረጠውንም አይነቅፍም።

ስለ ስልክ ጌም አንድ ቃል ልጨምር። ነፃ የተባሉት ብዙዎቹ ሰው ማስቆየት እንጂ ማስተማር ሐሳባቸው አይደለም። ካንዲ ክራሽ አምስት ነፍስ ይሰጥና ሲያልቁ ለእያንዳንዷ 30 ደቂቃ ያስጠብቃል፣ አለዚያ ይሸጣል፤ አዲስ ሰው ይህን የጌም ሁሉ ጠባይ ያደርገዋል። ስልኩን ከኢንተርኔት አቋርጠው ይስጧቸው፤ ማስታወቂያውም አብዛኛውን ጊዜ አብሮ ይጠፋል። የአገር ልጅ ሥራ ከፈለጉ ቅኔ ጌምስ የሠራትን የምትሮጥ ዶሮ፣ ኩኩሉን፣ ያሳዩአቸው፤ ረጅም ጨዋታ አትሆንም፣ ግን ታስቃለች።


የአወቱ ማዶ፦

አምስት ሳምንት ቆይቼ ተመለስኩ፤ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የፈረንጅ አራዳውን መልዕክት ሳነብ ማፈሬን አልደብቅም፤ እሷ የመጣችው ወደ እኛ መሆኑን ቤት ውስጥ ሆኜ አላየሁትም፣ እርስዎ ከሩቅ አዩት።

አናሎጉን አስለወጥኩ። 2048ን በስልኳ ጫንኩላትና በአራተኛው ቀን እኔ ደርሼበት የማላውቀውን 2048 አወጣች። ትልቁን ቁጥር አንድ ጥግ ላይ አስቀምጦ ከዚያ አለማነቃነቅ እንደሚበጅ ራሷ ደርሳበት፣ ለልጇ በወረቀት ላይ እያሰላች 2048 ማለት አሥራ አንድ 2ቶች እርስ በርስ ሲባዙ መሆኑን አሳየችው፤ መስከረም ላይ ለተማሪዎቿ ልታቀርበው አስባለች። እግር ኳሱን ከልጇ ጋር በአንድ ቡድን ሆና ጀመረች። ማጥቃቱን ለእሱ ትታ ኋላ መቆምን መርጣለች፤ ኳስ ሲቀማ የምትቆጣው ግን ከእሱ ይልቅ እሷ ናት። የሌጎውን ዲስክ ጅማ ውስጥ ስላጣሁት ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው አስልኬ ሁለት ቅዳሜ ተጫወቱ፤ እውነቱን ለመናገር ልጁ ወደደው፣ እሷ «ይሄ ሁሉ ሲሰበር ማን ይጠርገዋል?» ብላ ተወችው።

የረጋችው ስታርዲው ቫሊ ላይ ነው። በዓርብና በእሑድ የምትመጣው ነጋዴ ለአንዲት የቡና ፍሬ 2500 የጌሙን ወርቅ ስትጠይቃት የሰማችውን ማመን አቅቷት «አንድ ፍሬ? አንድ ኪሎ ማለቷ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ቢሆንም አጠራቅማ ገዛች፣ ከዚያችው አንዲት ፍሬ እያባዛች ሙሉ ማሳ አደረገቻት፣ መጸው ሲገባም የአጋሮው ወንድማችን እንዳለው ሁሉም ደርቆ አደረ። ለአንድ ቀን አኩርፋ ነበር። መብራትም ሁለት ጊዜ ቀኗን በላባት። አሁን ከጅሬን በኩል ነጎድጓድ ስትሰማ የጌሙ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ ገጸ ባሕሪዋን ወደ አልጋ ትወስዳለች፤ ልጇ «እማዬ፣ ገና ቀን እኮ ነው» ሲላት «ይተኛ፣ ደመናውን አታይም?» ትለዋለች።

የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። ፖርታልን በአጠገቧ ስጫወት አይታ «እሱን አምጣው» ብላኛለች፤ ራሷን እንዳያዞራት ግን እፈራለሁ። ምን ላድርግ?


ኮቺ ጥገና፦

በብርሃን ይጫወቱ፣ ከስክሪኑ ራቅ ብለው ይቀመጡ፣ የማውዙንም ፍጥነት ይቀንሱላቸው። በመጀመሪያው ቀን ከሩብ ሰዓት አይለፉ፤ ራስ ማዞሩ ትንሽ ከተሰማቸው ያኔውኑ ያቁሙ፤ ተቋቁሞ መቀጠል ያብሰዋል እንጂ አያለምደውም። አናሎጉ ደግሞ ተመልሶ መንሸራተት ከጀመረ ይዘውት ብቅ ይበሉ።